አስመረት ብቻ ያልሰማችው ሕመም

ገርጂ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ሥር፣ ሁለት ወንበርና አንድ ረጅም መስታወት ብቻ የሚይዝ ሹሩባ ቤት ነበር። የቤቱን ባለቤት ወይዘሮ አስመረትን የማያውቅ ሙሽራ የለም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። አልባሶ የሚሠራ ሰው በአዲስ አበባ ሞልቷል፤ የአስመረት አልባሶ ግን ከራስ ላይ የበቀለ እንጂ በሰው እጅ የተሠራ አይመስልም። ከሲኤምሲም፣ ከቦሌም፣ ከሳሊተ ምሕረትም ይመጡላታል። እጇ ሥራውን ሲሠራ አፏ ወሬዋን ያወራል፣ ዓይኗ ደግሞ በሩ ላይ ሆኖ የሚያልፈውን ሁሉ ሰላም ይላል። ሙሽራዋ ሥራው ማለቁን የምታውቀው አስመረት ወሬዋን ስታቆም ነበር።

ባለቤቷ ተክለብርሃን መገናኛ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ለነገር የማይቸኩል፣ ሚስቱን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያይ ሰው ነው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሉዋም። ባንክ ውስጥ ትሠራለች፣ ቃልአብ ከሚባል ጨዋ ልጅ ጋር ተጫጭታለች፣ ሰርጓም ለጥር ተቆርጧል። አስመረት ለስንቱ ሰው ልጅ ስትሠራ ኖራ እነሆ የራሷ ልጅ ተራ ደረሰ። «የልጄን ራስ ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም» ትላለች ለደንበኞቿ ሁሉ፤ ሰምተው የጠገቡት እንኳን ደግመው ይስቁላታል። ከዕድሜዋ የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር። ሀብት አልጠየቀች፣ ፎቅ አልጠየቀች… ይህችን ታህል ነገር ሰው ቢያገኝ ምን ነበረበት?

ይህ ፍቅር የሞላበት ቤት ግን አንድ ነገር ደብቆ ይኖር ነበር። የተደበቀውም ከራሷ ከአስመረት ነው። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እግሯ እያበጠ፣ ደረጃ መውጣት እያቃታት ሲመጣ ተክለብርሃን ሐኪም ቤት ወስዷት ነበር። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ እሷን ውጪ አስቀመጠና ባሏን ብቻ አስገባ። ሁለቱም ኩላሊቶቿ ክፉኛ መድከማቸውን፣ ካልተጠነቀቁም ወደ እጥበት መሄዷ እንደማይቀር ነገረው። ተክለብርሃን ላቡን ጠራርጎ ወጣና «ደም ግፊት ነው፤ ጨው ትቀንስ ብለዋል» አላት። አስመረትም አመነችው። ሃያ ምናምን ዓመት አብራው ስትኖር ዋሽቷት አያውቅም፤ ለምን አታምነው?

በእኛ ዘንድ ይህ ውሸት አይባልም። ማዘን ይባላል፣ መውደድ ይባላል። የታመመ ሰው የሕመሙን ስም ከሰማ በድንጋጤ ይሞታል እንልና፣ ከበሽተኛው በስተቀር ለአገር ለምድሩ እንነግራለን። ተክለብርሃንም የራሱ ምክንያት ነበረው። ታላቅ ወንድሙን ገብረትንሣኤን አንድ ሐኪም ፊት ለፊት «ካንሰር ነው» አለው፤ ሰውየው ቤቱ ገብቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ እህል ውሃ አልልም ብሎ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ወንድሜን የገደለው ቃሉ ነው እንጂ ሕመሙ አይደለም ይላል ተክለብርሃን እስከ ዛሬ። ስለዚህ ሚስቱን ከቃል ሊያድናት ቆረጠ። ለሉዋም ነገራትና አስማላት። ጨው ያለበት ነገር እንዳታቀምሳት ብሎ አጠገቧ ሻርፕና ጨርቅ ለምትሸጠው ለወዳጇ ለፈሂማ ነገራት። ለንስሐ አባታቸው ነገረ፣ ለእድሩ ሰብሳቢ ነገረ፣ ለቤት ሠራተኛዋም ነገረ። መድኃኒቶቹን ከካርቶናቸው እያወጡ «ይኼ የግፊት፣ ይኼ ቫይታሚን» ይሏታል። አስመረትም ጠዋት ጠዋት በውሃ ትውጣቸዋለች።

ሰርጉ ሲቃረብ ደግሞ ነገሩ መልኩን ቀየረ። አዳራሹ ቦሌ ተይዟል፤ ዘመድ ከመቀሌና ከአዲግራት ለመምጣት እየተሰናዳ ነው። አሁን ብትሰማ ሰርጉ ይፈርሳል ተባለ። ከሰርጉ በኋላ እንነግራታለን ተባለ። እኔ የምለው፣ እስከዚህ ድረስ የተደበቀው ለእሷ ታስቦ ነው እንበል፤ ከዚህ ወዲህ ያለው ግን ለማን ነው? ይህንን ጥያቄ በዚያ ቤት የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ጥቅምት ላይ አስመረትን ብርቱ ራስ ምታት ያዛት። ዓይኗም ብዥ ይልባታል። ተክለብርሃን የወሰዳት የነርቭ ሐኪም ሌላ ሕመም እንዳለባት ሲጠይቃት ግፊት ብቻ አለችው፤ ተክለብርሃን አጠገቧ ተቀምጦ የጫማውን ጫፍ ያያል። ሐኪሙ ጭንቅላቷ በኤምአርአይ እንዲታይ፣ ምስሉ እንዲጠራም ኮንትራስት የሚሉት መድኃኒት እንዲሰጣት አዘዘ። ወደ ምርመራ ማዕከሉ የወሰደቻት ሉዋም ነበረች።

ወረፋው ረጅም ነው፣ ባለሙያው ወጣትና የቸኮለ ነው። ብረት ነገር ወደ ማሽኑ ስለማይገባ አስመረት ሀብሏን፣ ጉትቻዋን፣ የፀጉር መርፌዎቿን እያወለቀች በልጇ መዳፍ ላይ ታስቀምጥ ጀመር። ባለሙያው በዚህ መሀል ጠየቃት።

«እናቴ፣ መሀል ላይ በክንድዎ የምንሰጥዎት መድኃኒት አለ። የኩላሊት ሕመም አለብዎት?»

አስመረት ሳቀች። «ኩላሊት? ተመስገን ልጄ፣ ከግፊት በቀር ምንም የለብኝ።»

ሉዋም አጠገቧ ቆማለች። የእናቷ ወርቅ መዳፏ ውስጥ ነው። ባለሙያው ወደ እሷ ዞሮ የኩላሊት ደም ምርመራ ይዘው እንደሆነ ሲጠይቃት፣ ቤት ረስተነው መጣን አለችው። ደንቡ ሂዱና አምጡ፣ አለዚያም እዚሁ ደም ስጡ ማለት ነበር። ልጁ ግን ወረፋውን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ደህና የሆነችውን ሳቂታ ሴትዮ አየና አለፈው። አስመረት ልብስ ልትቀይር ስትገባ ሉዋም ኮሪደሩ ላይ ለአባቷ ደወለች። የተጠየቁትን ነገረችው። ተክለብርሃንም ፎቶ የሚያነሳ ማሽን ምን ያደርጋታል፣ እዚያ ሰው ፊት ብትሰማ ትወድቅብሻለች፣ ሰርጉ ይለፍ አላት። ሉዋም ባለሙያውን ለብቻው ጠርታ ልትነግረው አሰበች። ወደ በሩ ሄደች… ተመለሰች… እንደገና ልትሄድ ስትል በሩ ተዘጋ፣ ማሽኑም ማንኳኳት ጀመረ። የእናትን ዕድሜ የምታተርፍ አንዲት ቃል በልጅ ጉሮሮ ውስጥ ቀረች። እንግዲህ ይህን ምን ብለን እንጥራው?

ያ መድኃኒት ጋዶሊኒየም የሚባል ብረት አለበት። ብረቱ ለብቻው መርዝ ስለሆነ በሌላ ነገር ታስሮ ነው የሚወጋው። የተሰወረ ሕመምን በምስሉ ላይ አጉልቶ ያሳይና ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። ስንቱን ሰው ከሞት ያተረፈ ነገር ነው፤ በጤነኛ ሰው አጥንትና አንጎል ውስጥ ርዝራዡ ቢቀር እንኳን ጉዳት ማድረሱ እስካሁን አልተረጋገጠም ይላሉ ሐኪሞች። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ዘንድ ግን መውጫ ያጣል። የቀድሞው ዓይነት ደግሞ ማሰሪያው ላላ ያለ ነው፤ ደም ውስጥ ሲቆይ ይፈታና ብረቱ ቆዳ ሥርና መገጣጠሚያ ውስጥ ቤቱን ይሠራል። ለዚህ ሲባል ብዙ ቦታ ትተውታል። በዚያን ቀን በአስመረት ክንድ የገባው ያ የቀድሞው ነበር።

የጭንቅላቷ ምስል ንጹህ ሆኖ ወጣ። ቤቱ በደስታ ተሞላ፤ ተክለብርሃን ሳሊተ ምሕረት ሄዶ ሻማ አበራ፣ ፈሂማም ሱቋን ዘግታ መጥታ አቀፈቻት። አስመረትም ራስ ምታቷ ተወት አድርጓት ለሰርጉ የሚሆን ቅመም ማሰናዳት ጀመረች።

ሕመሙ የመጣው ከቁርጭምጭሚቷ በኩል ነው። መጀመሪያ አሳከካት። ቀጥሎ ቆዳዋ አበጠ፣ ጠቆረ፣ እንደ ከበሮ ቆዳም ተወጠረ። ጉልበቷ አልዘረጋ አላት። ብርድ ነው ተባለ፣ የሰው ዓይን ነው ተባለ፣ ቅባት ታዘዘላት፣ ጠበል ተወሰደች። ታኅሣሥ ሲገባ እጆቿን ያዛት። አንድ ቀን የደንበኛዋን ፀጉር በቀጭኑ ልትከፍል ስትል ጣቶቿ አልታዘዝ አሏት። ገና ብርዱ አልለቀቀኝም ብላ ሳቀችና እጇን አሟሟቀች፤ መልሳ ሞከረች። አልሆነም። ደንበኛዋን ወደ ሌላ ሹሩባ ቤት ላከቻትና በሩን ዘግታ ብቻዋን አለቀሰች።

ሉዋም ከመሥሪያ ቤቷ ወንበር ላይ ሆና በስልኳ ስትፈልግ የዋለችው በዚያው ሰሞን ነው። የመድኃኒቱንና የኩላሊትን ስም አንድ ላይ ስትጽፍ የመጣላት ፎቶ የእናቷን እጅ ይመስላል። ያው የተቆለመመ ጣት፣ ያው የሚያብረቀርቅ የጠነከረ ቆዳ… ወደ አባቷ ሱቅ ሮጣ አሳየችው። ተክለብርሃን ስልኩን ተቀብሎ ፎቶውን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ የተናገረው ግን ያንኑ ነው፤ ሰርጉ ይለፍ። ሉዋምም ለሁለተኛ ጊዜ እሺ አለች።

የሰርጉ ዋዜማ የሉዋምን አልባሶ የሠራችው ከጎጃም በረንዳ የመጣች የማትታወቅ ሴት ናት። አስመረት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። «እዚህ ጋ ቅጥን አድርጊው… አይ፣ ከሥሩ ጀምሪ…» ትላለች። ሴትዮዋ ትሞክራለች፣ እንደ አስመረት ግን ከየት ይምጣ? ሉዋም አለቀሰች፤ ፊቷ እስኪያብጥ አለቀሰች። የተሰበሰቡት ሴቶች ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ ማልቀሷ ደግ ነው ብለው እልል አሉ። ለምን እንደምታለቅስ የሚያውቁት እሷና አባቷ ብቻ ነበሩ።

ሰርጉ አለፈ። ከመልሱ በኋላ ይነገራታል ተባለ፤ መልሱ አለፈ። ከጾሙ በኋላ ተባለ። ፋሲካም ገብቶ ወጣ። በመጨረሻ ቅባቱን ያዘዘላት የቆዳ ሐኪም የደም ውጤቷን አይቶ ደነገጠና ዶክተር ኢዮስያስ ወደሚባል የውስጥ ደዌ ሐኪም ላካት። ተክለብርሃን እንደ ልማዱ ቀድሞ ገብቶ ሐኪሙን ሊያስጠነቅቅ ሲል፣ ዶክተር ኢዮስያስ በሽተኛዋ በሌለችበት አላነጋግርም አለ። አብረው ገቡ። ዶክተሩ እጆቿን አየ፣ ቆዳዋን ጫን ጫን አደረገ፣ ኤምአርአይ ተነስታ እንደሆነ ጠየቃት። ጥቅምት ላይ አለችው። የተወጋችው መድኃኒት እንደነበር ጠየቃት። ነበር አለችው።

«ኩላሊትዎ መታመሙን ለባለሙያው ነግረውት ነበር?»

«የማን ኩላሊት?» አለች አስመረት።

ሌላ በሽተኛ ገብቶ ለእሱ የተናገረ መስሏት ወደ በሩ ዞረች። ማንም የለም። ያለው ባሏ ብቻ ነው፤ እሱም መሬት መሬት ያያል። አንድ ሰው ለሁለት ዓመት የተገነባበት ቤት በአንዲት አፍታ ሲፈርስበት ምን ዓይነት ድምፅ ያሰማል? ምንም አያሰማም። አስመረት ቀስ ብላ ወደ ሐኪሙ ዞረችና ሁሉንም እንዲነግራት ጠየቀችው። ዶክተሩም ነገራት። ኩላሊቷ ምን ያህል እንደደከመ፣ መድኃኒቱ ለምን ለእሷ እንደማይሰጥ፣ ቀድሞ ቢታወቅ ኖሮ ያለ እሱ ወይም ማሰሪያው በጠነከረ በሌላ ዓይነት ልትታይ ትችል እንደነበር አንድም ሳያስቀር አስረዳት። ለማረጋገጥ ከቆዳዋ ቁራጭ ወሰደ፤ በኋላም እንደጠረጠረው ሆኖ ተገኘ። እጇ እንደ ቀድሞው ይመለስ እንደሆነ ስትጠይቀው ቃል ልገባልዎ አልችልም አላት። እሷ ግን አልወደቀችም፣ ራሷንም አልሳተችም። አመሰገነችውና ተነሳች።

ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ፈሂማ ሱቅ ውሰደኝ አለችው። እያነከሰች ፈሂማ ጋ ገባች።

«ፈሂማ፣ ኩላሊቴ መታመሙን ታውቂ ነበር?»

ፈሂማ ስታጥፈው የነበረው ሻርፕ ከእጇ ወደቀ። «ወላሂ አስሙ፣ ተክሌ አስምሎኝ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

አስመረት ራሷን ነቀነቀች። ሁሉም ነገር ተራ በተራ ይመጣባት ጀመር። ፈሂማ ለእሷ ለብቻ የምታዘጋጀው ጨው የሌለው ሳምቡሳ፣ የንስሐ አባቷ ያለ ወትሮው ረዘም አድርገው የሚጸልዩላት ጸሎት፣ የእድሩ ሴቶች አንቺ አረፍ በይ እያሉ ከሥራ የሚያስነሷት… ሁሉም ያውቅ ነበር። የምትወደድ መስሏት የኖረችበት ዘመን ሁሉ ሲታዘንላት የኖረችበት ሆኖ ታያት። ተክለብርሃን በር ላይ ቆሞ ከሰርጉ በኋላ ሊነግራት አስቦ እንደነበር በሚቆራረጥ ድምፅ ሲናገር ቀና ብላ አየችው።

«ሰርጉ እኮ አልፏል፣ ተክሌ» አለችው።

ሉዋም ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ መጣች። እናቷ ሳሎን ተቀምጣ ትጠብቃት ነበር፤ የተቆለመሙት እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው።

«ያ ልጅ ጠየቀኝ» አለች አስመረት። «ኩላሊት ያምሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ሳቅሁ። አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ነበር።»

«ቆሜ ነበር።»

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ አደይ።»

«ጠላቴ ቢሆን ኖሮ ይነግረኝ ነበር» አለች አስመረት፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም። «የምትወጂኝ ስለሆንሽ ዝም አልሽኝ። እንግዲህ ከሚወደኝ ሰው ወዴት ልሽሽ? ሂጂ ልጄ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ቤት ቤት መሆኑ ቀረ። ተክለብርሃን ሶፋ ላይ ያድራል። አስመረት መድኃኒት ሲያመጡላት ለመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ታስደውልና ስሙንና ሥራውን በጆሮዋ ሳትሰማ አንዲት ፍሬ አትውጥም። በባሏ እጅ የተቀዳ ውሃ እንኳን በጥርጣሬ ታየው ነበር። ሹሩባ ቤቱ ተዘጋ፤ ሌላ ሰው ተከራይቶት የስልክ ካርድና ቻርጀር ይሸጥበት ጀመር። ቃልአብም ነገሩን ሲሰማ አላስቻለውም፤ እናትሽን እንዲህ ካደረግሽ ከእኔስ ምን ደብቀሻል አላት። አዲሱ ትዳር ገና ዓመት ሳይሞላው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩ የሁለት ዝምተኞች ኑሮ ሆነ።

ክረምቱ ሲገባ አስመረት እጥበት ጀመረች። ዶክተር ኢዮስያስ ኩላሊት ብትቀይር ሕይወቷ እንደሚተርፍ፣ ምናልባት ቆዳዋም ላላ ሊል እንደሚችል ነገራት። ሉዋም ተመረመረች፤ ኩላሊቷ ለእናቷ የሚስማማ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በላይ ምን ዕድል ይፈለጋል? ዶክተሩ ፊት ለፊት ሲነግራት ግን አስመረት ከእሷ የሚመጣ ነገር ሰውነቴ ውስጥ አይገባም አለች። ተክለብርሃን እግሯ ሥር ወደቀ፣ የንስሐ አባቷ ለመኗት፣ ፈሂማ እንባዋን እያፈሰሰች ለመነቻት። እምቢ አለች። ጨከነች ትሉ ይሆናል። እኔ ግን እንጃ። የገዛ እጁን ያጣ ሰው፣ እጁን ያሳጣው እጅ ሲዘረጋለት ለመያዝ ጊዜ አይፈልግምን? አስመረት የፈለገችው ጊዜ ነበር። ያልነበራትም እሱ ነው።

ሉዋም በእጥበቱ ቀን ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ ትውላለች። እናቷ በተሽከርካሪ ወንበር ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች። ሉዋም አትከተላትም፣ አትለምናትም። ተቀምጣ ትጠብቃለች፣ ሲያልቅ ወደ ቤቷ ትሄዳለች፣ በሚቀጥለው ደግሞ ትመጣለች። ነርሶቹ ለምደዋት ሻይ ያቀርቡላት ነበር።

መስከረም ሲጠባ አስመረት ብርቱ ትኩሳት ያዛት። ለእጥበቱ በአንገቷ በገባው ቱቦ በኩል ኢንፌክሽን ደሟ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሆስፒታል ተኛች፤ መድኃኒት ተቀያየረላት፤ አልያዘላትም። አንድ ጠዋት ዶክተር ኢዮስያስ ባልና ልጅን ጠርቶ ከዚህ በኋላ የምችለው የለም አላቸው፤ ለእሷም ትኩሳቷ በረድ ሲልላት ራሱ ሊነግራት እንደሆነ ጨመረ። ከሰዓት በኋላ ጠያቂው ክፍሉን ሞላው። አሁንማ ፊትሽ ተመልሷል ይሏታል። ተክለብርሃን ደግሞ ቅዳሜ ቤት ትገቢያለሽ ይላታል፤ ይህን ሲል ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። አስመረት ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያዞረች አየቻቸው። ያንን ፊት ታውቀዋለች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አይታዋለች። በዚያን ጊዜ ከእነዚህ ሁሉ ሰዎች መሀል፣ ሲጠየቅ ምክንያት ሳይደረድር «አውቅ ነበር» ያላት አንድ ሰው ትዝ አላት። ሉዋምን ጥሩልኝ አለች።

ሉዋም ከኮሪደሩ ገባች። ለብዙ ወራት እናቷ ስሟን ስትጠራ አልሰማችም ነበር።

«ሉዋም፣ እየሞትኩ ነው?»

ተክለብርሃን ከአልጋው ራስጌ ሆኖ ራሱን ይነቀንቃል፤ በዓይኑ ይለምናታል። ፈሂማ አፏን በሻርፗ ሸፈነች። ሉዋም አባቷን አየችው። ከዚያ እናቷን አየቻት።

«አዎ፣ አደይ» አለች። «ኢንፌክሽኑ ደምሽ ውስጥ ገብቷል፤ መድኃኒቱም አልሠራልሽም። ዶክተሩ ዛሬ ጠዋት ምንም የምችለው የለም ብሎናል።»

ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ተንሰቀሰቀ። አስመረት ግን በድንጋጤ አልሞተችም። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ትከሻዋ ላይ ለረጅም ጊዜ ተጭኖ የነበረ ነገር የወረደላት መሰለች። ቀና አድርጉኝ አለች፣ ትራስ ተደረገላት። የንስሐ አባቷ እንዲመጡላት ጠየቀች። ፈሂማን ጠርታ ይቅር ብዬሻለሁ አለቻት። ተክለብርሃንን ና ቁጭ በል አለችውና፣ ያ ወንድሙ የሞተው ከሕመሙ ጋር ብቻውን ስለተተወ እንጂ ስለተነገረው አለመሆኑን በዝግታ ነገረችው፤ እሱም እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ሁሉም እንዲወጡላት አደረገች፤ ሉዋም ብቻ ቀረች።

«ኩላሊትሽን እሺ ብልሽስ አሁን?» አለቻት።

ሉዋም ወደ አልጋው ተጠጋች። ይሆናል፣ ነገ እናደርገዋለን፣ ትድኛለሽ ማለት ምንኛ ቀላል ነበር! ከእናቷ ዓይን ውስጥ ደግሞ ያቺ ትንሽ ተስፋ እንዴት ታሳዝን ነበር! ለዚህች አንዲት ጥያቄ ሲባል ውሸት ቢፈቀድ ማን ይፈርድባት ነበር?

«አሁን አይሆንም፣ አደይ» አለች። «ጊዜው አልፏል።»

አስመረት ዓይኗን ጨፈነች። ከጨፈነችው ዓይኗ ጥግ እንባ ወረደ። ብዙ ቆይታ ገለጠችው።

«የእኔም ጥፋት አለበት» አለች። «ንገሪኝ እስቲ፣ ያኔ ለምን ዝም አልሽ?»

«እንዳላጣሽ ፈርቼ።»

«አሁን አመንኩሽ» አለች አስመረት። «ነይ፣ አጠገቤ ተኚ።»

ሉዋም ጫማዋን አውልቃ በጠባቧ አልጋ ላይ ከእናቷ ጎን ተጠቅልላ ተኛች። ነርሷ ገብታ አየቻቸውና በሩን መልሳ ዘጋችው። አስመረት ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም፤ ሳምንቱ ሳያልቅ፣ ቆርባ፣ ሁሉን እያወቀች፣ ልጇ እጇን እንደያዘቻት በቀትር አረፈች።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ በሰው ተሞላ። በአልባሶዋ የተዳሩ ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው መጡ። የሚያጽናኑትም እንደ ወጉ ዕድሏ ነው፣ ከላይ የታዘዘ ነው፣ ቀኗ ደርሶ ነው ይላሉ። እኔም ብዙ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ይህንኑ ብያለሁ፤ ሌላ ምን ይባላል? በሰው ላይ የሚወርድ፣ ማንም የማይመልሰው ነገር እንዳለ አውቃለሁ። የአስመረት ኩላሊት መድከሙ ይኸው ሊሆን ይችላል። የቀረው ግን ከላይ አልመጣም። የመጣው ከሳሎን ነው፣ ከሱቅ ነው፣ ከሚወዷት ሰዎች አፍ ነው፤ በትክክል ስንናገር ደግሞ ከአፋቸው ባለመውጣቱ ነው።

አንዲት አሮጊት ሉዋምን አቅፈው «አይዞሽ ልጄ፣ ዕድሏ ነው» አሏት። ሉዋም ፊቷን ከትከሻቸው ላይ አነሳች።

«ዕድሏ አይደለም፣ እማማ» አለች። «ጠይቀዋት ነበር። እሷ አታውቅም፤ እኔ ግን አውቅ ነበር።»

ተክለብርሃን ከወንዶቹ መሀል ተነስቶ በሰው ሁሉ ፊት «እኔ ነኝ ዝም በይ ያልኳት» አለ፤ ከዚያም ሄዶ ልጁ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።